አሥራ ሁለቱ ቃላትና ሦስቱ እማኞች

ፀዳ፣ ጎንደር
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ገባ አያ፤ አሥሩ ዶላር ገባ። ከባንክ ደብተሬ ብር ሆኖ ወጣ፣ ስልኬ ላይ ዶላር ሆኖ ገባ፣ በመካከል ማንም አልቀማኝም። ልጅህ ቤዛዊት ምስክሬ ናት፤ አብረን አይተን አብረን እልል አልን። ጎረቤቴ እትዬ ይመኙሽ ማን ወለደ ብላ በአጥሩ ብቅ አለች፤ ዶላር ወለድን አልኋት።

አሁን ሰላምታዬን ላድርስ። ውድ ወንድሜ አያ አለነ፣ እንዴት ሰነበትህ? ባለቤትህ ወለተ ሚካኤል ወገቧን ተሻላት ወይ? አዲ አርቃይ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ድምፅህን ከሰማሁ አራት ወር ሊሆነኝ ነው። ሾፌሩ ወንዴ ደብዳቤያችንን ባያመላልስልን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር። ወሬ ካላወራሁ እንደማልተኛ ታውቃለህ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። ይህ የስልክ ዶላር የመንግሥት ነው ወይስ የማን ብለሃል። ባንክ ሄጄ ጠየቅሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «እኛ አናውቀውም፤ ቢጠፋብሽ እኛ ዘንድ እንዳትመጪ» አለችኝ። ታዲያ ምነው ገባሽበት ትለኝ ይሆናል። የጥልፍ ማኪናውን የሚሸጠው ቻይና ያለው ሰው ብር አይቀበልም። ባንክ ደግሞ ለውጭ ገንዘብ ተራ ያዢ ካለኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ሰውዬው «በስልክ ዶላር ክፈዪኝ» አለ፤ ከዚህ ቀደም ለሁለት የጎንደር ልብስ ሰፊዎች በዚሁ መንገድ ልኮላቸዋል፤ ሄጄ ማኪኖቻቸውን በእጄ ነክቻለሁ። እኔ በእጄ አንድ ቀሚስ ለመጥለፍ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል። ያ ማኪና በቀን ስድስት ይጠልፋል። ቤዛዊትም ዲፕሎማዋን ይዛ በየቢሮው በር ከመቆም ትድናለች።

አንተ ደግሞ ሁለቱን በሬዎችህን ሸጠህ ልታግዘን ነው። ሰኔ ሳይገባ ቢያንስ አንዱን ካልመለስሁልህ በገዛ መሬትህ የሰው እኩል አራሽ እንደምትሆን አልዘነጋሁም። ለዚህ ነው እያንዳንዷን እርምጃ እየፈራሁ የምረግጠው።

የሚያጸይፈውንም ልንገርህ። ፒያሳ ላይ አንድ ደላላ አለ፤ ሥራው ብርን በስልክ ዶላር መለወጥ ነው አሉኝና ሄድሁ። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ «እናቴ፣ ብሩን በእጅሽ ይዘሽ ነይ፣ ስልክሽን ለኔ ስጪኝ፣ ገልብጬ እሰጥሻለሁ» አለ። ስልኬን ሊቀበለኝ የዘረጋው እጅ ጥብስ በልቶ ያልታጠበ እጅ ነው። ስንጥሩን ከጥርሱ አውጥቶ አየውና መልሶ ከተተው። አንገሸገሸኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ቤዛዊት «እኛው ራሳችን በመገበያያው ላይ እናደርገዋለን» አለች። መገበያያው በስልክ የሚከፈት ነው፤ ሻጭና ገዢ እዚያ ይገናኛሉ። የሻጩ ስምና ብሩ የሚገባበት የባንክ ደብተር ስም አንድ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ሻጭ የወንድ ስም ይዞ የሴት ደብተር ሰጠን። «የሚስቴ ነው» አለ። ጥለነው ሄድን። ሁለተኛው ልክ ሆነ። ዶላሩን መገበያያው ይዞ ያቆየዋል፤ እኔ ብሩን ልኬ ሰውዬው «ደረሰኝ» ሲል ይለቀቅልኛል። «ለመጀመሪያ ጊዜ በአሥር ዶላር እንሞክር፤ ቢጠፋም በሬ አይጠፋም» ያለችው ልጅህ ናት።

የተለቀቀውን ወደ ራሴ ቦርሳ አስገባሁት። ቦርሳ ስልህ ስልኬ ውስጥ ያለ ነው። ቁልፉ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ስልኬ ቢሰበር ቃላቱን ሌላ ስልክ ላይ ጽፌ ገንዘቤን አገኛለሁ። ለማያውቁት ሰው አይሰጡም። ይህን በተማርሁ ማግስት አንዱ በቴሌግራም «የድጋፍ ክፍል ነኝ ውዴ፣ ቦርሳሽ ሊዘጋ ስለሆነ አሥራ ሁለቱን ቃላት ላኪልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ፎቶው የቆንጆ ሴት ነው። ዝም ስለው ደወለ፤ ድምፁ የጎረምሳ። «ውዴ» ይለኛል፤ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው። ስልኩን በነጠላዬ ጠረግሁት።

እህትህ ሸዋገነት


አዲ አርቃይ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸዋገነት፣

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የወለተ ሚካኤል ወገብ እንደ ነበረ ነው። አሥሩ ገብቶ ከሆነ ሸጋ ነው።

እኔን ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። እማኙ ማነው? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት፤ ሻጭ አለ፣ ገዢ አለ፣ ቁልፍ አለ፤ እማኝ የለም። አንቺ ሕፃን ነበርሽና አታስታውሺውም እንጂ አባታችን የአምባ ጊዮርጊሱን መሬት ያጣው ወረቀት ስላልነበረው አይደለም። ወረቀት ነበረው። እማኝ ያልቆመበት ወረቀት ነበር። ዳኛው ወረቀቱን አይቶ ሳይቀበለው መለሰለት። አባታችን ያን ወረቀት እስኪሞት ድረስ በኪሱ ይዞት ዞረ።

ስለዚህ ቃላቱን እንደ ውል ጻፊያቸው። ሦስት እማኝ ይፈርሙበት፣ ቅጂው በየእጃቸው ይቀመጥ። አንቺ ብትታመሚ፣ ልጄ ብትሄድ፣ ገንዘቡ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይኑር። አያ አዘዘ እንዲኖሩበት እፈልጋለሁ። የአባታችን ጓደኛ ናቸው፣ የዕድሩ ዳኛ ናቸው፣ እሳቸው የፈረሙበትን ማንም አያፈርሰውም። ይመኙሽንና አናጢውን ባዬን ጨምሪ፤ ባዬ የተቸገረ ሰው ቢሆንም ጎረቤት ነው።

በሬዎቹን የምሸጠው ፈረሙ ስትዪኝ ነው። ማን ምን እንዳለ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ አለነ


ፀዳ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈረሙ አያ፤ ሦስቱም ፈረሙ። በሬዎቹን ወደ ገበያ ማውጣት ትችላለህ።

ጤና ይስጥልኝ። ማን ምን እንዳለ ሳታስቀሪ ጻፊ ብለሃልና ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ለዚህ ደግሞ እኔን ማዘዝ አያስፈልግም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰበሰብኋቸው። አያ አዘዘ ጋቢያቸውን ደርበው መጥተው ከላይ ተቀመጡ። እትዬ ይመኙሽ ከጎኔ ሆነች። ባዬ የመጋዝ ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ግባ ብለው «ምንጣፉን አበላሻለሁ» አለ። ጠላ ቀረበ። ቤዛዊት ቃላቱን እያነበበች እኔ ካርቦን አስገብቼ ጻፍሁ።

«የመጀመሪያው ምን ማለት ነው?» አሉ አያ አዘዘ።

«መሰላል» አለች ቤዛዊት።

«ቀጥሎስ?»

«ዓሣ።»

«መሰላልና ዓሣ ምን አገናኛቸው?»

«ምንም። ዝም ብሎ የመጣ ነው።»

«ዝም ብሎ በመጣ ነገር ላይ ነው የምንፈርመው?»

«የዕድሩን ድንኳን ስንገዛስ አንብበን ፈረምን እንዴ?» አላቸው ባዬ ከበሩ። ይመኙሽ ሳቋን በነጠላዋ ያዘች።

«ሦስተኛው አጎት ይላል» አለች ቤዛዊት።

«የማን አጎት?» አለች ይመኙሽ።

«የማንም።»

«የማንም ያልሆነ አጎት ካለ እኔ ልውሰደው፤ የኔዎቹ አልቀዋል።»

እንዲህ እየተሳሳቅን አሥራ ሁለቱንም ጨረስን። ከላይ «የውል ቃል» ብዬ፣ ከታች ስማቸውን፣ ቀኑን። ልጅህ ብቻ ፊቷ ጠቆረ። «አክስቴ፣ ይህ እኮ ለማንም አይሰጥም» አለችኝ በጆሮዬ። «ለማናውቀው አይሰጥም ነው የተባለው፤ እነዚህ የማናውቃቸው ናቸው?» አልኋት። አያ አዘዘ ሰምተው «ልጄ፣ አባትሽ ጽፎ ያዘዘው ነገር ነው። ትናንት በወጣ ስልክ የአባትሽን ሥርዓት አታርሚ» አሏት። እሷ ወደ ጓዳ ገባች፤ እንግዶቹ እስኪሄዱም አልወጣችም። ቁጣዋ ያልፋል።

አያ አዘዘ በአባታችን ሆይ ዘጉት፤ መረቁን። ቅጂያቸውን አጣጥፈው «ከዳዊቴ የበለጠ ካዝና የት አለ» ብለው እዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱት። ሲወጡ የእማኝ አበል ብለው ሁለት መቶ ብር ተቀበሉኝ። ሌሎቹ አልጠየቁም። ለባጃጅ ይሆናል ብዬ ሰጠኋቸው።

የበሬዎቹን ብር ደባርቅ ወጥተህ ባንክ አስገባልኝ። በደረሰኝ ሳምንት እለውጠዋለሁ።

ሸዋገነት


ፀዳ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርኸው ወንድሜ ለአያ አለነ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወለተ ሚካኤል እንዴት ናት? ጎረቤቶችህስ? የሰብሉ ነገር እንዴት ሆነ? መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ከዚያ የመዘምራን ልብስ የሚያሳጥሩ ሰዎች ቤቱን ሞሉት፤ ከዚያ ደግሞ ወረቀት ጠፋ።

የበሬዎቹ ብር ደርሷል። ባንክ ነው፤ አልነካሁትም። ምነው እስካሁን አልለወጥሽውም ብለሃል። ገበያው ይረጋጋ ብዬ ነው። ቤዛዊት ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች። የይመኙሽ ላም ወለደች፤ ጥጃው ቦቃ ነው። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

ታኅሣሥ 21፣ ጠዋት

የወንዴ መኪና ጎማው ፈንድቶ አዘዞ አደረ። ደብዳቤው እጄ ላይ ቀረ። ዛሬ መልሼ ሳነበው በገዛ ራሴ አፈርሁ፤ ጉንፋን አልያዘኝም። ስለዚህ እውነቱን ከታች እጨምርልሃለሁ።

አሥሩ ዶላር የለም። የአንተ ብር በደረሰ ዕለት ቦርሳውን ስከፍት ባዶ ነው። ቤዛዊት የወጣበትን ቀንና ሰዓት ከስልኩ አሳየችኝ፤ ከፈረምን በስድስተኛው ቀን። እኛ አላወጣነውም። ልጅህ «ነግሬሽ ነበር» አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ተቀምጣ እንደ ሕፃን አስረዳችኝ። የመሬት ወረቀት ቅጂ የያዘ ሰው እማኝ ነው፤ መሬቱን ተሸክሞ አይሄድም። እዚህ ግን አሥራ ሁለቱን ቃላት የያዘ ሰው እማኝ አይደለም፣ ባለቤት ነው። በቴሌግራም «ውዴ» ላለኝ ጎረምሳ የከለከልሁትን ቁልፍ እኔ በካርቦን አባዝቼ፣ ጠላ ቀድቼ፣ አበል ከፍዬ ሰጠሁ።

የአንተ ብር አልተነካም፤ ባንክ ስለነበረ ዳነ። እኔን የጎዳኝ ሌላው ነው። ከሦስቱ አንዱ ነው አያ። ትናንት ይመኙሽ ሽሮ ልትበደረኝ መጣች። ሽሮውን ስሰፍርላት ዓይኔ እጇ ላይ ነበር። ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረችን ሴት እጅ እንደ ሌባ እጅ ሳየው ያጸየፈኝ የራሴ ዓይን ነው። ባዬ ሰላም ሲለኝም ምን ማለቱ ነው እላለሁ። አያ አዘዘን ለማሰብ እንኳ ከብዶኛል።

ምን ላድርግ?

ሸዋገነት


አዲ አርቃይ
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸዋገነት፣

ጥፋቱ የኔ ነው። እማኝ ያልሁት እኔ ነኝ። ይህን ለልጄ ንገሪያት።

ማኪናው ይቅር። ብሩን መልሺልኝ፤ በሬ ባይሆን ሁለት ወይፈን እገዛበታለሁ። ባዶ በረት እያየሁ መዋል አልቻልሁም። ጠዋት ተነሥቼ ድርቆሽ ላቀርብላቸው እወጣለሁ፤ ከወጣሁ በኋላ ነው የሌሉ መሆናቸው ትዝ የሚለኝ። ወለተ ሚካኤል አይታኝ አላየሁም ብላ ትገባለች።

ከሦስቱ አንዱ ነው ብለሻል። አያ አዘዘን በሐሳብሽ እንኳ እንዳትነኪያቸው። የአባታችንን አስከሬን የተሸከሙ ሰው ናቸው። ይመኙሽ ስልክ መክፈት አታውቅም። ባዬ ግን የሰው ቤት ተከራይቶ አምስት ልጅ ያሳድጋል። የቸገረው ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። እሱን ያዢው፤ ሰው ሳይሰማ፣ ቀስ ብለሽ።

አለነ


ፀዳ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባዬ አይደለም።

ሰላምታውን ከዚህ በኋላ አደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ዋጠው። ባዬ አይደለም፣ ይመኙሽም አይደለችም። ብሩንም አልመለስሁልህም። ቁጭ ብለህ አንብብ፣ ከዚያ ትቆጣለህ።

እንዴት አወቅሽ ማለትህ አይቀርም። መላው የልጅህ ነው። ሦስት አዲስ ቦርሳ ከፈትን፤ በየአንዳንዱ አምስት አምስት ዶላር አስቀመጥን። ለሦስቱም «ውሉ ታድሷል፣ የድሮውን ቅደዱት፣ በዚህ ሳምንት ብዙው ብር ይገባል» ብዬ አዲስ ወረቀት ሰጠኋቸው። ወረቀቶቹ ግን አንድ አልነበሩም። የእያንዳንዱ ቃላት የሚከፍቱት የየራሱን ቦርሳ ብቻ ነው። ከዚያ ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ይመኙሽ በማግስቱ ይዛው መጣች። «ውሰጂልኝ» አለች። «ልጆቹ ቤቱን ያተራምሱታል፣ በሬ የሚያህል ነገር አደራ ይዤ እንቅልፍ አጣሁ። የመጀመሪያውንም እሳት ውስጥ ከተትሁት፤ እንዳትቆጪ ብዬ ነው ያልነገርሁሽ።» አቅፌ ሳምኋት። ምን ነካሽ አለችኝ። ባዬ ዘንድ ሥራ እንዳለው ሰው ገባሁ። ወረቀቱን በዕቃ ሣጥኑ ክዳን ውስጥ፣ ጽሑፉን ወደ እንጨቱ አዙሮ፣ በአራት ምስማር መትቶታል። «ለማየት ብፈልግ እንኳ መንቀያ ያስፈልገኛል» አለኝ። የሁለቱም ቦርሳ አምስት አምስቱን እንደያዘ ነው።

የአያ አዘዘ ግን በከተራ ዕለት ተከፈተ። እኔ ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ፣ ቀሐ ነበርሁ፤ ታቦታቱ እየወረዱ ነው። እሱ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ዘንጉን ይዞ ከፊት ከፊት እየሄደ «ወደ ኋላ በሉ፣ መንገድ ልቀቁ» ይላል። ቤዛዊት ስልኩን አሳየችኝ፤ አምስቱ ወጥቷል፣ ገና ሩብ ሰዓቱ ነው። ቀና ስል እያጨበጨበ ነው። አፌን ምራቅ ሞላው፤ ለታቦቱ ክብር ስል ዋጥሁት።

እሱ ያልሁህን አስተውለህ ይሆናል። እስከ አሁን አንቱ እያልሁ ነበር የጻፍሁልህ፤ ከእንግዲህ ብዕሬ እምቢ ብሎኛል።

ጥር 14 ቤቱ ሄድሁ። ባለቤቱ ድፎ ዳቦ ቆርሳ በእጄ አኖረችልኝ፤ እሷ ምንም አታውቅም። ጎረስሁና «አያ አዘዘ፣ ወረቀቱን ላየው» አልሁት።

«ምነው? ዳዊቴ ውስጥ ነው።»

«ይውጣ።»

አወጣው። እኔ ለሁለት ያጠፍሁት ወረቀት ለስምንት ታጥፏል።

«ለማን አሳዩት?»

«ለሚስቴ ወንድም። ስልክ ቤት አለው አይደል። ይሠራ እንደሆን እንዲሞክርልኝ ብዬ ነው።»

«ሠራ?»

«ሠራ አለኝ።»

«የፊተኛው አሥርስ?»

«እሱም ሙከራ ነበር።» ሳቀ፣ አያ። ጥርሱን አሳይቶ ሳቀ። «ለአምስት ዶላር ብለሽ በጥምቀት ሰሞን ሽማግሌ ቤት ትመጫለሽ? በዕድሩ ስንት ገንዘብ በእጄ አልፏል፤ ይህች ምን ትሆናለች ብለሽ ነው?»

«ብዙው ቢገባ ኖሮስ?»

ከዚያ ምን እንዳለኝ ልጻፍልህ፣ ቃል ሳልጨምር። «ከእማኝነቴ የሚገባኝን እወስድ ነበር እንጂ ሁሉን አልወስድም።»

የሚገባውን። ከበሬዎችህ የሚገባው ድርሻ አለው፤ አንዱ ቀንድ ይሁን አንዱ ሽንጥ አላውቅም። ሁለተኛው ጉርሻ ዳቦ አፌ ውስጥ ነበር። ደጁ ወጥቼ ተፋሁት። ከዚያ በሩ ላይ ዞሬ «ሌባ ነዎት» አልሁት። ሁለት ሰዎች በመንገዱ ሲያልፉ ሰምተዋል፤ ይስሙ።

እጁን ስንት ጊዜ ስሜዋለሁ። ዛሬ ሳስበው ከንፈሬን በሣሙና መታጠብ ያምረኛል። ሰው ቢርበው ይሰርቃል፤ እሱ ግን መርቆ፣ አባታችን ሆይ ብሎ፣ አበሉን ተቀብሎ ነው። ይባስ ብሎ አንተ ጥፋቱን ባዬ ላይ አኖርህ፤ ቤት የለውምና። እኔም ስንት ቀን ጠርጥሬዋለሁና ካንተ አልሻልም። ይቅርታ ጠይቀው፤ በጽሑፍ ይሁን።

አሁን ብሩ። ጥር 16 በአራት ከፍለን ለወጥነው፤ ስማቸው ከደብተራቸው ጋር ልክ በሆነ ሁለት ሻጮች ዘንድ። ፈጽሞ ሌላ ቦርሳ ነው፣ ሌላ ቃላት ነው፣ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። የት እንዳለ አንተንም አልነግርህም፤ አትቀየም። ለቻይናው ሰው ስንልክ የቦርሳውን አድራሻ ፊደል በፊደል እኔ አነበብሁ፣ ቤዛዊት አየች። መጀመሪያ ጥቂት ላክን፤ «ደረሰኝ» ካለ በኋላ ቀሪውን። ደርሶታል፤ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። ማኪናው በመርከብ ይመጣል።

ብሩን መልሺ ያልኸውን ተላልፌ ነው ይህን ያደረግሁት። ብትረግመኝም እቀበላለሁ፤ ግን ሌባ ፈርቼ ብመልሰው ኖሮ በረትህንም የኔንም ቤት ባዶ ያስቀረው እሱ ይሆን ነበር።

ሸዋገነት


አዲ አርቃይ
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸዋገነት፣

ለባዬ የጻፍሁት ከዚህ ጋር ታሽጓል። ሳትከፍቺ ስጪው። ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ያልጻፍሁልሽ ነገር አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሁለት ሽማግሌዎች ከጎንደር ድረስ መጡብኝ። የላካቸው አዘዘ ነው። «እህትህ በደጄ ቆማ ሌባ ብላኛለች፣ ስሜን አጥፍታለች፣ በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቀኝ፤ ካልሆነ ከዕድሩ ትውጣ» ብሏል። ሽማግሌዎቹ እኔ ቤት አድረው፣ በልተው፣ «በአሥራ አምስት ዶላር የትልቅ ሰው ስም ይጠፋል ወይ» እያሉ ነገሩኝ። ወለተ ሚካኤል እጅ ስታስታጥባቸው ከንዴቷ ውኃውን ጋቢያቸው ላይ አፈሰሰችው። ጠዋት «እጽፍላታለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ማኪናው አልመጣም፤ ሁለት ወር ሆነ። እዚህ በልጉን ሲያርሱ እኔ ቆሜ አያለሁ። ከጎረቤት በሬ ለምኜ አንድ ቀን አርሻለሁ፤ በምትኩ ሁለት ቀን ለሱ ሠርቻለሁ። ሰዎች በሬዎችህ የት ገቡ ሲሉኝ ስልክ ውስጥ ማለት አልቻልሁም።

ተሳስቻለሁ ብለሽ ተገላገይው ልልሽ ፈልጌ ነበር። ስጽፈው እጄ አልሄደልኝም። አንቺ የሚመስልሽን አድርጊ።

አለነ


ፀዳ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

መጣ አያ። መጥቶ ተተክሎ እየጠለፈ ነው፤ ይህን የምጽፍልህ ድምፁን እየሰማሁ ነው። አሥራ አምስት መርፌ አለው፤ ክሩን ራሱ ይቀይራል፣ ክር ሲበጠስ ቆሞ ይጠራኛል። ባዬ ጠረጴዛውን ሠራለት፤ የእጁን ዋጋ ግማሹን ብቻ ወሰደ። ያንተን ደብዳቤ አንብቦ አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ወንድምሽ ጽሑፉ ሸጋ ነው» አለኝ።

እንዴት ሰነበትህ አያ? ወለተ ሚካኤልን በኔ ምትክ ሳምልኝ፤ ውኃውን ስላፈሰሰችባቸው ደግሞ ሁለት ጊዜ ሳምልኝ።

ቤዛዊት ጥለቱን በኮምፒውተር ትሥላለች፣ እኔ ክርና ጨርቅ አዘጋጃለሁ። የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የመዘምራን ልብስ ሥራ ቀብድ ተቀብለናል፤ የሁለት ሠርግም አለ። የአንድ በሬ ዋጋ ትናንት ደብተርህ ውስጥ ገብቷል። ደባርቅ ወጥተህ አውጣ፣ ሰኔ ሳይገባ ግዛ፤ ለዘንድሮ በአንዱ ከጎረቤት ተቀናጅተህ እረስ። ሁለተኛውን ከመስከረም አላሳልፈውም። ቀዩ በሬ ከተገኘ መልሰህ ግዛው፤ ካልተገኘም የመረጥኸውን።

አሁን የሚመስልሽን አድርጊ ያልኸኝ ነገር። ምን ወሰንሽ ትለኝ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ እኔም ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። በሦስተኛው እሺ አልኋቸው። «በሰው ፊት ይሁን ብሏል?» አልኋቸው። «አዎ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ዕድርተኛው ባለበት» አሉኝ። «እንግዲያው ማኪናው በሚመረቅበት ቀን ይሁን፤ ዕድርተኛውን ሁሉ እጠራለሁ» አልሁ። ደስ ብሏቸው ሄዱ። እሱም ተስማምቷል፤ ጋቢውን እያሳጠበ ነው አሉኝ።

የማደርገውን ልንገርህ፤ ከአንተ አልደብቅም። ተነሥቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ባዬን፣ ስለ ጠረጠርሁት። ቀጥሎ ይመኙሽን፣ እጇን ስላየሁባት። ከዚያ ልጅህን፣ ስላልሰማኋት። ከዚያ ወደ አያ አዘዘ ዞሬ ሌባ ያልሁት ለምን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናገራለሁ። ቤዛዊት ገንዘቡ የወጣበትን ቀንና ሰዓት በትልቁ አሳትማለች፤ ባዬ ወረቀቱን ከእነ ክዳኑ፣ ከእነ ምስማሩ ያመጣዋል። የአያ አዘዘ ሚስት ወንድምም ተጠርቷል። «ከእማኝነቴ የሚገባኝን» ያለውን ቃል እደግመዋለሁ፤ አላልሁም ካለ ባለቤቱ እዚያው ነበረች፣ ትጠየቅ። ይህን ሁሉ ሰምቶ ሰው «በድለሻል» ካለኝ አያ አዘዘ እግር ላይ እወድቃለሁ፤ እውነቴን ነው። ዕድሩ ግን ሃያ ዓመት በማን እጅ እንደ ቆየ ሰው አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ያስብ።

ሽሙጥ አይደለም አያ። ደስታዬን ለብቻዬ መደሰት አልችልም፤ ያንገሸገሸኝንም ለብቻዬ ውጬ መኖር አልችልም። ሁለቱም በአንድ ቀን ይውጡልኝ። በግ ታስሯል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ ድንኳኑን ከሌላ ዕድር ተከራይቻለሁ።

ለወንዴ የሁለታችሁን የመኪና ከፍያለሁ፤ የፊቱን ወንበር ለወለተ ሚካኤል ወገብ ይዞላታል። አንተን የሸመገሉህን ሁለቱንም አስጠርቻቸዋለሁ። ቀኑ እሑድ ግንቦት 17 ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ፀዳ፣ እኔ ቤት። ሁላችሁም ኑ፤ ማንም እንዳይቀር።

እህትህ ሸዋገነት